የቤንዚን ትንፋሽ

ጥር 14

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጄ ሰሎሜ ናት። የትምህርት ቤቷ ነው፤ የተጻፈባቸውን ገጾች ቀድዳ አወጣችልኝ። «እማዬ፣ በአፍሽ ካልወጣልሽ በእጅሽ ይውጣ» አለችኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ስደት መጣ፣ ኬንያ ዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ገባን፣ ከካምፕ በኬንያ በኩል ያለው ሞያሌ፣ ትዳር፣ ልጅ፣ ሥራ። ፊደሉን አልረሳሁትም። እጄ ግን ይዘገያል። አንድ መስመር ስጨርስ የጣድኩት ሻይ ይፈላል።

የበኩር ልጄ መክብብ በገብርኤል ማግስት ሞተ። መጀመሪያ ይህን መጻፍ ነበረብኝ። ጻፍኩት።

ጥር 16

ዛሬ ሆቴሉን ከፈትኩ። ሆቴል እንለዋለን እንጂ ማንያታ በሚሉት ሰፈራችን ውስጥ ያለ አራት ጠረጴዛ ምግብ ቤት ነው። ፊት ለፊት መመገቢያው፣ ከኋላው ማድ ቤቱ፣ ከማድ ቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ዕቃ ቤት፣ ከዚያ የመክብብ ክፍል። መክብብ የሞተበት፣ የተቃጠለው ዕቃ ቤቱ ነው። በመክብብ ክፍል አሁን ሚስቱ ኮኪ ከሕፃኑ ጋር ትተኛለች። ሕፃኑን ጎዳና ያሉት የኮኪ አባት ናቸው፤ የቦረና ስም ነው። ገና መዳህ ጀመረ። ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል።

ጎረቤቴ ኸይራ ከአጥሩ ማዶ እንደ ልማዷ «ሀባሪ፣ ማማ መክብብ!» ብላ ሰላም ካለችኝ በኋላ አፏን በሻሿ ያዘች። እዚህ አገር እናት የምትጠራው በበኩር ልጇ ነው።

«ምን ልበልሽ ታዲያ?» አለችኝ።

«እንደ ዱሮሽ በይኝ። ስሙ አልሞተም።»

ጥር 19

ሁለተኛው ልጄ እንድሪያስ ዕቃ ቤቱን አሠራው። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ በር፣ የጡጫ ያህል ቁልፍ። «ጤፉን እዚህ ታስገቢያለሽ፣ አይጥ አይነካውም» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው። የሚሠራው ኬላው ላይ አንድ ትራንዚተር ዘንድ ነው፤ የሹፌሮችን ወረቀት ያስጨርሳል። ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ ነው። መክብብ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ሲገባ «ወንድምህን አታይም?» እለው ነበር።

ለምን እንደዚያ እለው ነበር?

ጥር 21

እንዳይምታታብኝ ልጻፈው።

መክብብ ከኢትዮጵያ በኩል ቤንዚን በሞተር ያመጣ ነበር። ኬላውን ዞሮ፣ ፓንያ በሚሉት በአይጥ መንገድ። ቢጫ ጀሪካን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ። እዚህ ሲደርስ እስኪሸጥ ዕቃ ቤት ያሳድረዋል። በበጋ፣ ቀትር ላይ፣ ቤንዚን የያዘ ጀሪካን ያብጣል። ሲያብጥ ክዳኑን ላላ ያደርጉለታል። ማስተንፈስ ይሉታል። እንዳይፈነዳ ነው። የሚያስተነፍሱትም በርና መስኮት ዘግተው ነው፣ ሽታው መንገድ ወጥቶ ለፖሊስ እንዳያሳብቅ። ማንያታ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳድር ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። መክብብም እንደዚያው አደረገ። ክብሪት አልጫረም። ሲጋራ አያጨስም ነበር። እሳቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም።

ቀትር ነበር። ምሳ እየሠራሁ ነበር።

ጥር 24

ሽታ። ማድ ቤት ውስጥ። የቤንዚን። ሰሎሜን ጠራኋት፤ ጉንፋን ይዟታል፣ ምንም አይሸተኝም አለች።

ጥር 25

ዛሬም ሸተተኝ። ኮኪን ጠየቅኋት። ዐይኗን ሰበረች። «ከልብሱ ይሆናል እማማ። አልጣልኩትም» አለች። አውጥተን አጠብነው። ሁለታችንም እያለቀስን፣ አንዳችን ለሌላችን ሳንነግር። ገመድ ላይ ሲሰጣ ሱሪው እንደ ሰው ቆመ።

ማታ ሽታው አልነበረም። ጠዋት ተመለሰ።

ጥር 29

አርባው ዛሬ ነበር። ካህናቱ ጸሎት አድርሰው፣ ሰው በልቶ፣ ሄደ። ደክሞኛል፤ አጭር እጽፋለሁ።

ከማድ ቤቱ ጀርባ ሳህን የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

«እንባዋስ?»

«ደርቆ! እሷ ድንጋይ ናት።»

«የሰው እጅ አለበት ይላሉ እኮ።»

«የማን?»

«የማን ይሆናል? የሚስቱ ወገኖች ነዋ። ቤንዚን ላይ ተጣልተው ነበር አሉ።»

ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። «እጅ የለበትም» አልኩ። «የተጠራሽው ለማጠብ ነው፤ እጠቢ።»



የካቲት 3

ሰሎሜ ሁለተኛ ደረጃ ናት፣ ፎርም ስሪ። ዛሬ የኬሚስትሪ መጽሐፏን ይዛ ማድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ልትናገር ትልና ትተወዋለች። በመጨረሻ፣

«እማዬ፣ ቤንዚን ቮላታይል ነው» አለች።

«ምን ማለት ነው?»

«ቶሎ ይተናል። ሳትጥጂው፣ ሳይፈላ፣ ዝም ብሎ በተቀመጠበት ይተናል። የሚነደውም ፈሳሹ አይደለም፤ ትነቱ ነው።»

የአረቄ ነገር ትዝ አለኝ። «ሳይከደን ያደረ አረቄ ኃይሉ ይሄድና ውኃው ይቀራል። እንደዚያ ነው?»

«እንደዚያ ነው! ግን የቤንዚን ይብሳል። ትነቱ ከአየር ይከብዳል። እንደ ጭስ ወደ ላይ አይሄድም፤ መሬት መሬቱን ይሄዳል። በበር ሥር ይወጣል፣ በግድግዳ ሥር ይገባል። አይታይም። እሳት ካገኘ እሳቱ በመጣበት መንገድ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። ባዶ ጀሪካን ከሙሉው የሚያስፈራውም ለዚህ ነው፤ ውስጡ ትነት ብቻ ነው።»

«ታዲያ ከየት ነው ያገኘው?» አልኳት።

ወደ ማድ ቤቱ አየች። ወዲያው መጽሐፏን አየች። ገጽ ገለጠች፤ የምታነብ ግን አልመሰለኝም።

ሌላ አልጠየቅኋትም።

የካቲት 4

ጂኮውን፣ የከሰል ምድጃዬን፣ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ አንስቼ ወደ መንገዱ በኩል አዞርኩት። ኮኪ ለምን አለችኝ። ጭሱ ዐይኔን ጎዳኝ አልኳት። ከሰል ጭስ የለውም።

የካቲት 9

ሰሎሜ ሬዲዮ ከፍታ እየሰማች ድንገት ሳቀች። «እማዬ፣ ቃላችንን አሉት! የድንበሩ ሁኔታ ቮላታይል ነው አሉ።» ቆይቶ ስለ ምንዛሬ ሲያወሩም ያንኑ አሉ፤ ብሩም ሽልንጉም ቮላታይል ሆነዋል። ሰሎሜ በእንግሊዝኛ የማይረጋ፣ መቼ እንደሚለወጥ የማይታወቅ ነገር ሁሉ እንዲህ ይባላል አለችኝ። የሚቆጣ ሰውም ጭምር።

እንድሪያስ ቁርስ እየበላ ነበር። «እማዬንም ጨምሪያት» አለ። «ሰሞኑን ክዳኗ ላልቷል።» ሳቅን። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቅ መሆኑን ሦስታችንም አንድ ላይ ያወቅን ይመስለኛል፤ ሁላችንም ወደ ሳህናችን አየን።

ከሄዱ በኋላ ብቻዬን አሰብኩበት። እኔ ስለ ምንዛሬው አላውቅም። ሳይታይ ተነሥቶ፣ መሬት ለመሬት ሄዶ፣ ከሩቅ እሳት የሚያገኝ ከሆነ ግን ወሬም እንደዚያው ነው። የእነዚያ ሳህን አጣቢዎች ወሬ ማን ደጅ ደርሶ ይሆን? ኮኪ ወንድሞች አሏት። መክብብም ጓደኞች ነበሩት።

የካቲት 12

ሽታው ቀትር ላይ ይብሳል። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ለእንድሪያስ ነገርኩት። ትከሻዬን አቀፈኝ። «ከሐዘን ነው እማዬ። ሐዘን በአፍንጫም ይመጣል» አለኝ። አፍንጫዬ ሐዘኑን እንዴት ሰዓት ጠብቆ እንደሚያዝን አልጠየቅኩትም።

ጤፉ አሁንም ከአልጋዬ ሥር ነው። ዕቃ ቤቱ ገና ቀለሙ አልደረቀም ይለኛል። ሥራ ይበዛበታል፣ ምስኪን።

የካቲት 17

ጾም ገባ። ምስርና ሽሮ፣ ጎመን። ኸይራ ክብሪት ልትበደር ገብታ ማድ ቤቱ መሐል ቆመች። እንደ ውሻ አነፈነፈች።

«ማማ መክብብ፣ አንቺ እዚህ እሳት ታነጃለሽ?»

«ይሸትሻል?»

«አፍንጫ አለኝ እኮ! ዝም ያልኩት ሐዘንሽን አክብሬ ነው። ከቅበላ በፊት ጀምሮ እስከ እኔ ቤት ይመጣል። ልጆቼን ወደ እህቴ ልኬያለሁ።»

ክብሪቱን ሳትወስድ ሄደች።

አላበድኩም። ዛሬ የምጽፈው ይህን ብቻ ነው። አላበድኩም።

የካቲት 19

ቀትር ላይ ሹፌሮቹን ጥዬ ወደ ኋላ ዞርኩ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ተከፍቷል። ኮኪ ውስጥ ናት፣ በሩ ተገርበብ ብሏል። ገፋሁት። ቢጫ ጀሪካኖች እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል። ኮኪ አጎንብሳ አንድ በአንድ ክዳን እያላላች ነበር። ከግድግዳው ወዲያ፣ በእሷ ክፍል፣ ጎዳና ተኝቷል። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ከሥሩ የሕፃን እጅ ያስገባል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ቀትር ነው እማማ። ካላስተነፈስኩት ይፈነዳል።»

«እዚሁ? እሱ በሞተበት?»

«ጎዳናን ምን ላብላው?» አለች። «አንቺ ሆቴል አለሽ። እኔ ምን አለኝ?»

ያኔ የተናገርኳትን አልጽፈውም። ስለ ባሏ ነው። ሰው ለምራቱ የማይለው ነገር ነው። አላለቀሰችም። ክዳኖቹን መልሳ አጠበቀች፣ ልጇን አዝላ ወጣች። ማታ ተመልሳ ገባች። የምትሄድበት ሩቅ ነው።

የቁልፉ መክፈቻ እሷ እጅ እንዴት ገባ? አሁን ነው ያሰብኩት። የገዛው እንድሪያስ አልነበረም? ለእሷ ሰጥቷት ይሆናል። አታልላው ይሆናል።

የካቲት 20

ጠዋት ጂኮው ላይ ውኃ ደፋሁበት። ሁለተኛውም ላይ። ፍሙ እንደ እባብ ጮኸ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ለገባው ሹፌር ሁሉ አንድ ነገር ነገርኩ፤ በዚህ ግቢ ቤንዚን እስካለ እሳት አይነድም። ቤንዚኑን ብደፋው መሬቱን ይዞ ይሄዳል፤ ብሸጠው ሌላ እናት ቤት ይገባል። እኔ የማዝዘው እሳቱን ነው። እሳቱን አዘዝኩት።

ኮኪ ከደጇ ሆና ሰማችኝ።

የካቲት 21

ዳቦ፣ ቲማቲም፣ በሎሚ የታሸ ቃሪያ። ይህን ሸጥኩ። ከበበው የሚባል ደንበኛ አለኝ፤ ከሐዋሳ እየተነሳ ወደ ናይሮቢ የሚሄድ ሹፌር ነው። ሳህኑን ገልብጦ አየው።

«እትዬ እታለማሁ፣ ዘንድሮ ጾሙ ከእሳትም ነው እንዴ?»

«ከእሳትም ነው።»

«ቄሱ ሳይሰሙ ይሆናል።»

«እኔ ነግሬያቸዋለሁ» አልኩት። ረዳቱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቲማቲም ትን አለው። ያም ሆኖ በሉና ሄዱ። ሌሎች ግን ሳይቀመጡ ነው የዞሩት።

የካቲት 23

ሰው የለም። እንድሪያስ መጣ፣ ተቆጣ። «ሰው ምን ይላል?» ይለኛል። የሰው ወሬ እንዲህ ሲያስፈራው አይቼ አላውቅም። ኮኪን እንድትወጣ ልንገራት ወይ አልኩት። «አይ፣ እሷንማ ተያት፣ እኔ እነግራታለሁ» አለ። ፊቱ ቀላ። ደግ ልጅ ነው።

የካቲት 24

ሰሎሜ ሳትበላ ትምህርት ቤት ሄደች። ልክ ነኝ? ልክ ነኝ። ልክ ባልሆንም አላነድም።

የካቲት 26

ዛሬ ሁሉም ነገር ታወቀ፤ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

ጠዋት አዩብ መጣ። የመክብብ ጓደኛ ነው፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይነዳል። ሞተሩ ላይ ጀሪካን አለ። እኔን ሲያይ ሊመለስ ፈለገ። መንገዱ መሐል ቆምኩበት።

«ለኮኪ ነው የምታመጣው?»

«ፖሌ ማማ» አለ። ይቅርታ ማለቱ ነው። ቁልቁል አየ። «ኮኪ ምን አቅም አላት? እሷ ጠባቂ ናት። ለጠበቀችበት የወተት ይሰጣታል።»

«ማን?»

«ማማ፣ አታስጨንቂኝ። ነጭ ሸሚዝ የለበሰውን ልጅሽን ጠይቂ።»

እኔ ለካ ይህን አውቀው ነበር። ሲነግረኝ አልደነገጥኩም።

እንድሪያስን አስጠራሁት። ከሰዓት በኋላ መጣ። ሆቴሉ ባዶ ነበር። ጠረጴዛ መሐላችን አድርገን ተቀመጥን፣ እንደ ባለ ጉዳይ።

«የአንተ ነው?»

«የሰሎሜን ትምህርት ቤት ማን የሚከፍል ይመስልሻል? ይህን ቆርቆሮ? በትራንዚተር ደመወዝ?»

«የመክብብም ጭነት የአንተ ነበር?»

«እኩል ነበርን እማዬ። እኔ እገዛለሁ፣ እሱ ይጭናል።»

«እኩል!» አልኩት። «የሱን እጅ ያየኸው በፋሻ ተጠቅልሎ ነው። እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

ተነሣ። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» አለ። «አንቺስ ያን ቀን ቀትር ላይ ...» ብሎ አቆመ። አፉን በሁለት እጁ ያዘ።

ያቆመበትን እንዲጨርስ አልጠየቅኩትም። እሱም አልጨረሰም። ሁለታችንም ወደ ጠፋው ጂኮ አየን።

በኋላ ነው የተናገርኩት። «ስማኝ እንድሪያስ። ወንድምህ አይመለስም፤ ስለ እሱ የምጠይቅህ ነገር የለም። የምጠይቅህ ስለ ጎዳና ነው። እዚያ ግድግዳ ሥር ይድሃል። ትነቱ የሚሄደው በእሱ ቁመት ነው። ቤንዚንና እሳት አንድ ግድግዳ አይጋሩም። እኔ እሳቴን አጥፍቻለሁ፤ አንተ ደግሞ የአንተን አውጣ።»

«ወዴት ልውሰደው? ሁሉም የሚያሳድረው ቤቱ ነው!»

«ሁሉም ያበደ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ቡቲዬ ሜዳ አለ፣ ጥላ አለ፣ ነፋስ አለ። ክዳኑን አጥብቀህ ከቤት ርቀህ አስቀምጥ። ፖሊስ ከያዘህ ይያዝህ። ጣቢያ ስንቅ አመጣልሃለሁ። ለመቃብር ግን ስንቅ የለም።»

«ትራቢያለሽ እማዬ። እኛም እንራባለን።»

«ዋልዳን አየሃት አንተ? እኔ አይቻታለሁ። ረሃብን እንተዋወቃለን፤ አያቃጥልም።»

በሩን እንደ ጥይት አጩኾት ሄደ።

የካቲት 28

አልመጣም። ሽታው አለ። እሳት የለም።

መጋቢት 1

ሲነጋ እሱና አዩብ መጡ። አላናገሩኝም። ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ አወጡ፣ ባዶዎቹንም። እንድሪያስ ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባና ሻንጣውን አወጣ። «ቡቲዬ ነኝ» ብሎ ለሰሎሜ ነገራት። ለእኔ አይደለም። ሞተሩ ከዐይኔ እስኪጠፋ ድረስ አጥሩ ላይ ቆምኩ።

አንዱን ቀብራ ሌላውን አባረረች የሚል ሰው ይኖራል። ይበል።

መጋቢት 2

ኮኪን ጠራኋት። የሚመች ቀን ስጠብቅ ቆየሁ፣ ቀኑ ግን አይመጣም።

«ክፉ ተናግሬሻለሁ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ዋሽቼ ነው የተናገርኩሽ። አንቺ ምንም አላደረግሽበትም።»

ጎዳናን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዞረችው። «እማማ፣ እኔ አማርኛ ክፉው ብዙ አይገባኝም» አለች። «ጥሩውን ብቻ ነው የተማርኩት።» ዋሸች፤ ሁሉም ይገባታል። እጇን ሳምኩት። ደንግጣ ነጠቀችኝ።

ነገ ሳህን አጣቢዎቹን ጠርቼ በእሷ ፊት እናገራለሁ፤ በልጄ ሞት የማንም ወገን እጅ የለበትም። ትነት ነው።

መጋቢት 3

ተናገርኩ። አንደኛዋ «ማን አለና?» አለች። «አንቺ» አልኳት። ከዚህ በላይ አላበዛሁም። ከሰዓት በኋላ የኮኪ ታላቅ ወንድም መጥቶ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰላም አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ አልመጣም ነበር። ለካ ወሬው እዚያም ደርሶ ነበር።

ዕቃ ቤቱን አጠብን። በሩን ነቅለን አወጣነው፣ መስኮቱንም። ሰሎሜ እስኪነፍስ ቆዩ ብላናለች። ጎዳና ግቢው መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የራሱን ጫማ ሲበላ ዋለ።

መጋቢት 5

ሽታው የለም። ኸይራ መጥታ አነፈነፈች፣ የለም አለች። ልጆቿን አስመጣች።

ከሰሉን ጂኮው ላይ ደረደርኩ። ክብሪት ያዝኩ። ጫርኩት፣ ጠፋ። እንደገና ያዝኩት። እጄ ከክብሪቱ ጋር አልተስማማም። ሠላሳ ዓመት እሳት ያነደደ እጅ ነው። ግድግዳው ከጀርባዬ እንዳለ ይሰማኝ ነበር፣ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ።

ኮኪ ሳትጠይቀኝ ክብሪቱን ከእጄ ወሰደች። ጎንበስ ብላ ለኮሰችው። አራገበችው። «እማማ፣ ምስሩን አምጪ» አለችኝ፣ ምንም እንዳልሆነ።

አመጣሁ።

መጋቢት 8

ከኮኪ ጋር ተነጋገርን። ከዛሬ ጀምሮ ሆቴሉ የሁለታችን ነው። እሷ ከንጋት በፊት ትከፍታለች፤ ኬላው እስኪከፈት የሚጠብቁ ሹፌሮች ሻይና ቂጣ ይፈልጋሉ፣ እስከ ዛሬ ለሌላ ቤት ስንተዋቸው ነበር። የሰሎሜ ትምህርት ቤት ክፍያ ከዚያ ይወጣል። ካልወጣ ሌላ እናስባለን። ትምህርቷን አታቋርጥም። እኛን አንድ ቃል አስተምራናለች፤ ገና ብዙ አላት።

መጋቢት 14

እንድሪያስ መጣ።

ቀትር ነበር፣ ሆቴሉ ሙሉ ነበር። በሞተር መጣ። ጭነቱን አሁን ራሱ ነው የሚያመላልሰው። ሸሚዙ ነጭ አይደለም። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ሽታው ቀደመው፤ ወንድሙ የሚሸተውን ሽታ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጥቼ መንገዱን ዘጋሁበት።

«ቁም።»

ቆመ። የመጣው ለመታረቅ እንደሆነ ዐይኑ ይናገራል። «አትግባ ልትይኝ ነው?»

«አንተ ግባ። እሱ አይገባም። ልብስህን እዚያው አውልቅ።»

«እማዬ! ሰው እያየኝ ነው።»

«ይይህ። በዚህ ግቢ ሰው የማያየው ነገር ነው የጎዳን።»

ከበበው ከውስጥ «ቁምጣም ይፈቀዳል ወይ እትዬ?» ብሎ ጮኸ፣ ሆቴሉ ሁሉ ሳቀ። እንድሪያስም ሊስቅ ብሎ ፊቱ ተበላሸ። ጃኬቱን፣ ሸሚዙን፣ ሱሪውን አውልቆ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ኮኪ ጋቢ አመጣችለት። ተከናንቦ ገብቶ ምስር በላ፣ ጎዳናን እያቀፈ። ሲሄድ «ነገም ልምጣ?» አለኝ፣ እንደ ሕፃን።

«ነገም» አልኩት።

ንግዱን አልተወም። አስትቼዋለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ግን ከቤት ወጥቷል፣ ከዚህ ወዲያም አይገባም።

መጋቢት 15

ትናንት ልብሱ ድንጋይ ላይ አቧራ ስለያዘ፣ ጠዋት መዶሻ ይዤ ወጣሁ። ከአጥሩ በውጭ በኩል፣ ከማድ ቤቱ የራቀውን እንጨት መረጥኩ፤ ነፋስ የሚያገኘውን። የልብስ መስቀያ ሚስማር መታሁበት። የተፈለገው አንድ ነው። ሁለት መታሁ፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ወንድማማቾች።

ኮኪ ጎዳናን አዝላ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሁለተኛው ለማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ጠንካራ መሆኑን በእጇ ስባ አየችው።